ዎርድልን እንዴት ትፈቱታላችሁ? ጥያቄውና መልሶቹ

ጥያቄውን የለጠፈችው ዎርድልን፣ ማለትም የተደበቀ የእንግሊዝኛ ቃል በቀለም ፍንጭ የሚገመትበትን የኢንተርኔት ጨዋታ፣ በቅርቡ የጀመረች እህት ናት። ጽሑፏ አጭርና ትሁት ነው። ጨዋታውን ወዳዋለች፤ ግን ከምታሸንፍበት ቀን የምትሸነፍበት ይበዛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሙከራዎች በደስታ ትሞላለች። አራተኛው ላይ ስትደርስ ግን ምንም ቃል አይመጣላትም። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቀች። ጨዋታው ዘዴ አለው ወይስ ዕድል ነው? እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ሰውስ ያዋጣል?

እኔ በዚህ ጨዋታ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ሙከራ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ጥሩ ሙከራ የምለው፣ የሚመጣው ቀለም ምንም ይሁን ምን የቀሩትን ቃላት በደንብ የሚከፋፍለውን ነው። ብዙ ሰው ግን ገና በሁለተኛው መስመር መልሱን ለመምታት ይጣደፋል። መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው ስተርክ ይህን አቋሜን አልደብቅም።

1ኛ መልስ፦ የመጀመሪያው መላሽ እህቴ ብሎ ጀመረና ሕጉን ከሥሩ አስረዳ። በየቀኑ ባለ5 ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል ይደበቃል። ቃሉ ለሁሉም ተጫዋች አንድ ነው። የሚሰጠው 6 ሙከራ ነው። የሚገባው ነገር እውነተኛ ቃል መሆን አለበት፤ ፊደል ዝም ብሎ መደርደር አይቻልም። ቃሉ ሲገባ ፊደሎቹ ቀለም ይይዛሉ። አረንጓዴ ከሆነ ፊደሉም ቦታውም ልክ ነው። ቢጫ ከሆነ ፊደሉ አለ፣ ቦታው ግን ሌላ ነው። ግራጫ ከሆነ ፊደሉ የለም። ከዚያ አንድ ምክር አከለ። ጀማሪ ግራጫውን ይንቃል። ግራጫ ግን ብዙ ቃል ጠራርጎ ያስወጣል፤ ስለዚህ እንደ ውድቀት አትይው አላት። ይህን ምክር ወድጄዋለሁ።

2ኛ፦ ሁለተኛዋ መላሽ ስለ ቋንቋው ጉዳይ ብቻ ጻፈች። ለዚህም ወደ ታሪኩ ሄደች። ጨዋታውን የሠራው ጆሽ ዋርድል የሚባል የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። የሠራውም የቃላት ጨዋታ ለምትወድ የሕይወት አጋሩ ለፓላክ ሻህ ነበር። በእንግሊዝኛ ወደ 12,000 የሚጠጉ ባለ5 ፊደል ቃላት አሉ። አብዛኞቹን ማንም አያውቃቸውም። ሻህ ዝርዝሩን ለቅማ ወደ 2,500 አወረደችው። ስለዚህ መልስ ሆኖ የሚመጣው ቃል ብዙውን ጊዜ በየዕለቱ የሚሰማ ቃል ነው። መላሿ ጠያቂዋን አበረታታቻት። የመዝገበ ቃላት ሊቅ መሆን አይጠበቅብሽም፣ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው የሚያውቀው ያህል ይበቃል አለቻት። እኔም እስማማለሁ።

ይህቺው መላሽ ጨዋታው እንዴት እንደተስፋፋም ጽፋለች። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2021 የተጫወተው ሰው 90 ብቻ ነበር። በጃንዋሪ 2022 መጀመሪያ ቁጥሩ ከ300,000 አለፈ። በዚያው ወር ማብቂያ ኒው ዮርክ ታይምስ ገዛው።

3ኛ፦ የመነሻ ቃል ወሬ እዚህ ተጀመረ። ሦስተኛው ሰው ሁልጊዜ የሚጀምረው አዲዩ በሚለው ቃል ነው። ኤ፣ አይ፣ ኢ እና ዩ የሚባሉት አራቱ አናባቢዎች በአንድ ጊዜ ይፈተሹለታል። አናባቢዎቹን ካወቅኩ የቀረው ቀላል ነው ባይ ነው።

4ኛ፦ በትህትና ግን በግልጽ ተቃወመችው። አናባቢ በሁሉም ቃል ውስጥ አለ። ኢ አለ መባሉ ብዙ ቃል አያስወጣም። የቃሉን አጥንት የሚያሳየው ተነባቢው ነው፤ ኤስ፣ አር፣ ቲ፣ ኤል፣ ኤን። ማስረጃም ይዛ መጣች። የኒው ዮርክ ታይምስ የጨዋታ ገምጋሚ ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2022 ሲጀምር የመረጠው መነሻ ክሬን ነበር፤ ቆይቶ ስሌት (slate) ወደሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተዛወረ። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ በመጀመሪያው የመልስ ዝርዝር ላይ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ሠርተው ሳሌት የሚል ቃል አገኙ። በዚህ ቃል ጀምሮ ያለ ስህተት የሚጫወት ሰው ማንኛውንም መልስ በ5 ሙከራ ውስጥ ያገኛል፤ አማካዩ ወደ 3.4 ሙከራ ነው። ሦስቱም ቃላት ሁለት ሁለት አናባቢ ነው ያላቸው። አዲዩን የሚወድ ሰው ቅር እንዳይለው በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፈችው።

5ኛ፦ ይህኛው ትዕግሥቱ ያለቀ ይመስላል። ሰው ሁሉ ስለ መነሻ ቃል ሲያወራ ይውላል፣ ጨዋታው የሚበላሸው ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው መስመር ላይ ነው ብሎ ከረር አድርጎ ጻፈ። በጥሩና በመካከለኛ መነሻ ቃል መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግዴለሽነት ግን ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ቢጫ ሲያዩ እሱን ብቻ እያሳደዱ፣ ሌሎቹን አራት ቦታዎች ቀድሞ በወደቁ ፊደላት የሚሞሉ ሰዎች ያናድዱታል። አነጋገሩ ሻካራ ነው። የተናገረው ግን እውነት ነው።

6ኛ፦ የሒሳብ ሰው መሆኑ የሚያስታውቅ መላሽ ገባ። አንድ ፊደል 3 ዓይነት ቀለም ሊይዝ ይችላል። 5 ፊደል ሲሆን 243 ዓይነት የቀለም ስብጥር ይመጣል። ጥሩ ሙከራ ማለት የቀሩትን ቃላት በእነዚህ ስብጥሮች ላይ በተቻለ መጠን በትኖ የሚያስቀምጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የሒሳብ ሊቁ ክሎድ ሻነን መረጃ በቁጥር እንደሚለካ ያሳየበትን መንገድም አነሳ። አንድ መልስ የነበሩትን አማራጮች በግማሽ ከቀነሰ አንድ ቢት መረጃ ሰጠ ይባላል። ሩቡን ብቻ ካስቀረ ሁለት ቢት። ስለዚህ ከሙከራው በፊት ራስን መጠየቅ ያለብን፣ ይህ ቃል ስንት ቦታ ይከፍልልኛል ብለን ነው።

7ኛ፦ አንድ አስተዋይ ሰው ቁጥሩን አረመ። 243 ሁሉም ሊከሰቱ አይችሉም። አራቱ አረንጓዴ ሆነው አምስተኛው ቢጫ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም ቢጫው የሚሄድበት ቦታ አልቀረም። እንዲህ ዓይነት 5 ስብጥሮች ስላሉ የሚቀረው 238 ነው። 6ኛው ወዲያው አመሰገነ። በክሩ (በዚህ የመልሶች ሰንሰለት) ውስጥ ካሉት ሁሉ በጣም ያስደሰተኝ እርማት ይህ ነው።

8ኛ፦ ከዚህ በኋላ አንድ ወንድም የደረሰበትን ተረከ። ለወራት ሳይሸነፍ ቆይቷል። አንድ ቀን በሦስተኛው ሙከራ አራት አረንጓዴ አገኘ። ከመጀመሪያው ፊደል በቀር አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ ተደርድረዋል። ደስ ብሎት ላይትን ሞከረ። ከዚያ ናይትን፣ ከዚያ ማይትን። ሦስቱም አልሆኑም። ያን ያህል ጊዜ ያስጠበቀው ተከታታይ ድል በአንድ ፊደል ጠፋ። ብዙ ሰው ከሥር የሐዘን ምልክት አስቀመጠለት።

9ኛ፦ ይህቺ መላሽ ስሌቱን አስቀመጠች። በዚህ ቅርጽ ላይት፣ ማይት፣ ናይት፣ ራይት፣ ሳይት፣ ታይት፣ ፋይት እና ኤይት አሉ። 8 ቃል። 3 ሙከራ ቀርቶት አንድ በአንድ የሚገምት ሰው ከ8 ቱ 3 ቱን ብቻ ይሞክራል። በእሷ ምክር አራተኛው ሙከራ ላይ መልስ ሊሆን የማይችል ቃል ይገባል፤ ለምሳሌ ፎርምስ። በአንድ ጊዜ ኤፍ፣ አር፣ ኤም እና ኤስን ይፈትሻል። አንዱ ከበራ መልሱ ታወቀ። ካልበራ 4 ቃል ይቀራል፣ ለዚያም 2 ሙከራ አለ። በዚህ መንገድ ከ8 ቱ 6 ቱ ይያዛሉ።

10ኛ፦ ከ9ኛው ጋር ተስማማና አንድ እርምጃ ወሰደው። ፎርምስ ምንም ካላበራ ለምን መገመት ይጀመራል? የቀሩት ላይት፣ ናይት፣ ታይት እና ኤይት ናቸው። አምስተኛው ሙከራ ላይ ሊነን ይግባ። ኤል ከበራ ላይት ነው። ኤን ከበራ ናይት። ኢ ከበራ ኤይት። አንዳቸውም ካልበሩ ታይት። ስድስተኛው ላይ ያለ ጥርጥር መልሱ ይጻፋል። ከ8 ቱ 8 ቱም። እኔ ከላይ ያስቀመጥኩትን አቋም ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። ሁለት መስመር ሙሉ መልስ ባልሆኑ ቃላት ተሞልቶ፣ ሰውየው ግን መሸነፍ አይችልም።

11ኛ፦ እዚህ ጋ ድባቡ ተለወጠ። አንድ ሰው ይሄ ጨዋታ አይደለም ብሎ ተቆጣ። መልስ ሊሆን እንደማይችል እያወቁ ቃል ማስገባት ማጭበርበር ነው ባይ ነው። እውነተኛ ተጫዋች በሃርድ ሞድ ይጫወታል አለ። በሃርድ ሞድ የተገኘው አረንጓዴ በቦታው መቆየት፣ ቢጫውም በሚቀጥለው ቃል ውስጥ መግባት አለበት። ፎርምስም ሊነንም እዚያ አይሠሩም።

12ኛ፦ የ9ኛው ባለቤት ተመልሳ መጣች፤ አሁን ትህትናዋ ቀንሷል። ሃርድ ሞድ ምርጫ ነው፣ ሕግ አይደለም። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች የፈቀዱትን ነገር ማጭበርበር ብሎ መጥራት ተገቢ አይደለም ስትል መለሰች።

13ኛ፦ 11ኛው አልበረደም። ስለ ሰው ስንፍና አንድ አንቀጽ ጻፈ። አልደግመውም።

14ኛ፦ አንዲት ረጋ ያለች መላሽ መሀል ገባች። በሃርድ ሞድ የሚጫወት ሰው ወጥመዱን ቀድሞ መፍራት አለበት አለች። ከእነዚያ አራት ፊደሎች ሦስቱን ገና በሁለተኛው መስመር አረንጓዴ ማድረግ እዚያ አደጋ ነው፤ ከገቡበት መውጫ የለም። ስለዚህ የሃርድ ሞድ ተጫዋች የመጀመሪያ ፊደላትን በጊዜ የሚፈትሽ ቃል ይመርጣል። ይህ ሁለቱንም ወገን ያከበረ መልስ ነው። ለእኔ ሃርድ ሞድ ሌላ ጨዋታ ነው። የራሱ ውበት አለው፤ ለጀማሪ ግን አልመክረውም።

15ኛ፦ ጠያቂዋ ተመለሰች። ሁሉንም አመሰገነችና አንድ ነገር እንዳልገባት ጻፈች። አንድን ፊደል ሁለት ጊዜ ስታስገባ አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ግራጫ ሆነባት። ፊደሉ አለ ነው የለም?

16ኛ፦ መላሹ ነገሩ በራሳችን ፊደል ቢታይ ይቀላል ብሎ በአማርኛ አስረዳ። የተደበቀው ቃል መርከብ ነው እንበል። የገባው ደግሞ መስመር። የመጀመሪያው መ አረንጓዴ ይሆናል። ስ ግራጫ። ሁለተኛው መ ግራጫ፤ ምክንያቱም መርከብ ውስጥ ያለው መ አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም አረንጓዴው ወስዶታል። ር ቢጫ፤ አለ፣ ቦታው ግን ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ከአረንጓዴ ጋር የመጣ ግራጫ ፊደሉ የለም ማለት አይደለም። ሁለተኛ የለም ማለት ነው። ይህም ትልቅ መረጃ ነው። ጠያቂዋ ወዲያው ገባት።

17ኛ፦ ክሩ ከመንገዱ የወጣው በዚህ ምሳሌ ነው፤ በመውጣቱም ደስ ብሎኛል። አንድ ሰው ታዲያ ጨዋታውን በአማርኛ ለምን አንጫወተውም ብሎ ጠየቀ። ባለ4 ፊደል ቃል፣ 6 ሙከራ፣ ያው ሦስት ቀለም። ወዲያው አምስት ስድስት ሰው ድጋፉን ገለጸ።

18ኛ፦ አይሆንም አለ ሌላው፣ ምክንያቱንም ዘረዘረ። የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ነው። በሁለት ሙከራ 10 ፊደል ይፈተሻል። የእኛ 33 ሆህያት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ሏ፣ ቋ እና ጓ ሳይቆጠሩ። በሁለት ሙከራ የሚፈተሹት ቢበዛ 8 ናቸው። ሰሌዳው በግራጫ ይሞላል፣ ተጫዋቹም ምንም ሳያውቅ ያልቃል።

19ኛ፦ የክሩ ምርጥ መልስ ለእኔ ይህ ነው። ጸሐፊዋ የ16ኛውን ምሳሌ መልሳ አነሳች። የተደበቀው መርከብ ቢሆንና ተጫዋቹ ምልክት ብሎ ቢያስገባ አራቱም ግራጫ ይሆናሉ። ይሁንና ሰውየው ከእውነቱ ሩቅ አይደለም። ም የመ ቤተሰብ ነው፣ ቦታውም የመጀመሪያው ነው። ክ የከ ቤተሰብ ነው፣ ቦታውም ሦስተኛው ነው። ያው ሦስት ቀለም ይህን ሁሉ ይደብቀዋል። ስለዚህ አራተኛ ቀለም ይጨመር አለች። ሰማያዊ ቢሆን፣ ሆሄው ልክ ነው፣ ቤቱ ግን ሌላ ነው ማለት ይሆናል። ያኔ ምልክት ሁለት ሰማያዊ ያመጣል፣ ተጫዋቹም ከ231 ወደ 33 ይወርዳል። አማርኛ ቃል ሲረባ ተነባቢው ሳይነቃነቅ አናባቢው ስለሚለዋወጥ፣ ሰማያዊው ቀለም ቋንቋውን በሚሠራበት መንገድ ይከተለዋል። ጨዋታው በፊደላችን ሊሠራ የሚችለው በዚህ መንገድ ብቻ ይመስለኛል።

20ኛ፦ አንድ ጥንቁቅ ሰው ቦታውም ቤቱም የተሳሳተ ነገር ግን ቤተሰቡ ያለ ፊደልስ ምን ይሁን ብሎ ጠየቀ። 19ኛዋ ለዚያ ቀለም አትጨምሩ፣ ይበዛል አለች። ሁለት ሰዎች አልተስማሙም። ተጫውቶ ማየት ነው የሚለው ሐሳብ አመዘነ።

21ኛ፦ የመልሱ ዝርዝር ከምን ይዘጋጅ? ይህን ያነሳው ሰው አንድ ወጥመድ አሳየ። ሁሉም ንዑስ አንቀጽ የሚጀምረው በመ ወይም በማ ነው። መብላት፣ መስማት፣ መጠጣት፣ ማንበብ። እነዚህ ከገቡ ሰው ሁሉ በመ ጀምሮ በት ይጨርሳል። ይባስ ብሎ የ8ኛው ሰው ጉድ ይደገማል። መርሳት፣ መርዳት፣ መርካት፣ መርታት፣ መርባት፣ መርጋት፤ የሚለያቸው ሦስተኛው ፊደል ብቻ ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2022 በኤስ የሚያልቁ ተራ ብዙ ቁጥሮች መልስ እንደማይሆኑ፣ ለሙከራ ግን እንደሚፈቀዱ አስታውቋል። እኛም ንዑስ አንቀጽን እንዲሁ እናድርግ፤ ለሙከራ ይግባ፣ መልስ አይሁን። እንደ ወሰደች እና ቤታችን ያሉ የረቡ ቃላትም እዚያው ይመደቡ። በጣም ብስል ሐሳብ ነው።

22ኛ፦ በዚህ መሀል አንድ ሰው ለመርካትና ለመርባት አካባቢ የሚለውን ቃል ማስገባት እንደሚቻል ጠቆመ። ካ እና ባ በአንድ ጊዜ ይፈተሻሉ። የ9ኛዋ ዘዴ በአማርኛም ይሠራል ማለት ነው።

23ኛ እስከ 27ኛ፦ ጠቡ እዚህ ተነሳ። አንዱ ሀ፣ ሐ እና ኀ በጨዋታው አንድ ይሁኑ፣ ሰ እና ሠም፣ አ እና ዐም፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሌላው ፊደል መጨፍለቅ ነው፣ አባቶች ያቆዩትን ማጥፋት ነው ብሎ ተነሳበት። የመጀመሪያው በዘመናችን ማን ለይቶ ይጽፋል ብሎ መለሰ። ሦስተኛው ሁለቱንም ያልተማሩ ብሎ ሰደበ። ቃላቱ እየከረሩ ሄዱና አወያዩ አንድ መልስ ሰርዞ ሁሉንም አስጠነቀቀ።

በዚህ ላይ የራሴን እላለሁ። ፀሐይ እና ጸሀይ፣ ዓለም እና አለም፣ ሥራ እና ስራ ብለው የሚጽፉ ሰዎች ሁሉም አማርኛ እየጻፉ ነው። ተጫዋቹ ቃሉን አውቆት በፊደል ምርጫ ግራጫ ቢያገኝ ግፍ ነው። ስለዚህ ቀለም ሲሰጥ ሞክሼዎቹ እንደ አንድ ይቆጠሩ። መልሱ ሲገለጥ ግን በጥንቱ አጻጻፍ ይታይ። እንዲህ ከሆነ ተጫዋቹ ሳይቀጣ ይማራል፣ ፊደሉም ይከበራል። ይህንኑ 28ኛ መልስ አድርጌ ለጥፌዋለሁ። የተሳደበው ሰው አልመለሰልኝም፤ ፊደል ጠባቂው ግን ተስማማ።

29ኛ፦ በዕድሜ ጠና ያሉ የሚመስሉ መላሽ ልጆቼ ብለው ጀመሩና ነገሩን አበረዱት። ይህ ዓይነት ጨዋታ አዲስ አይደለም አሉ። ጆቶ የሚባል በወረቀት የሚጫወቱት የባለ5 ፊደል ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1955 ወጥቷል። እዚያ ስንት ፊደል እንደተመታ ብቻ ነው የሚነገረው፣ የትኛው እንደሆነ አይነገርም። በ1970 ሞርደካይ ሜይሮዊትዝ ማስተርማይንድን ፈጠረ፤ በፊደል ፋንታ ባለቀለም እንጨቶች ናቸው። በ1977 የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑዝ ማስተርማይንድ ሁልጊዜ በ5 እርምጃ እንደሚፈታ አረጋገጠ። ክኑዝ የተጠቀመበት መንገድ ከ9ኛዋና ከ10ኛው ምክር ጋር አንድ ነው፤ አንዳንዴ መልስ ሊሆን የማይችል ነገር መጠየቅ ይሻላል። 11ኛው ሰው ይህን ያንብብ ብለው አከሉ። እርሳቸውን በአንቱታ ያመሰገኑ ብዙ ናቸው።

30ኛ፦ ሌላው ከዚያ ተነስቶ አግድምና ቁልቁል ወደሚባለው የቃላት እንቆቅልሽ ሄደ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 በአርተር ዊን ተዘጋጅቶ በኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ወጥቷል። ጨዋታው ሌላ ስለሆነ እዚያው ቆመ።

31ኛ፦ አንድ ሰው መልሱን ቀድሞ ማየት እንደሚቻል ጻፈ። በመጀመሪያው ዘመን የመልሶቹ ዝርዝር በሙሉ በገጹ ኮድ ውስጥ በተራ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም በዚያ ይጠቀም ነበር።

32ኛ፦ የተሰጠው መልስ አንድ መስመር ነው፣ በጣም ቁጡም ነው። እንዲህ የተገኘን ባለ2 ሙከራ ውጤት ለጓደኞች ሼር ማድረግ ውሸት ነው። ልክ ነው። ፎርምስን ማስገባት ማሰብ ነው፤ ኮድ መክፈት ግን ጨዋታውን መተው ነው። 11ኛው ቁጣውን እዚህ ላይ ቢያውለው ኖሮ አጠገቡ እቆም ነበር።

33ኛ፦ መልስ ስለማጋለጥ አንዲት እህት ለመነች። አዲሱ ቃል የሚወጣው በየተጫዋቹ እኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ፀሐይ ቀድሞ የሚወጣላቸው አገሮች ቀድመው ያውቁታል። ውጤት ስታጋሩ ባለቀለሙን ሣጥን ብቻ አጋሩ፣ ፊደል አትጻፉ አለች። ሣጥኑ ሁሉን ይናገራል፣ ቃሉን ግን አያወጣም።

34ኛ፦ ጠያቂዋ ስለ አራተኛው መስመር ጉዳይ ማንም ቁርጥ ያለ ነገር እንዳላላት አስታወሰች። እውነቷን ነው።

35ኛ፦ የ14ኛዋ ረጋ ያለች መላሽ ተራውን ወሰደች። ወረቀት አውጪ። አምስት ባዶ ቦታ አስምሪ። አረንጓዴውን በቦታው ጻፊ። ቢጫውን ሊሆን በማይችልበት ቦታ ሥር ጻፊ፤ የቀረው ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ያልወደቁትን ፊደላት ደርድሪ። አሁን ቃል አትፈልጊ፣ ጫፍ ፈልጊ። እንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ በኢ፣ በዋይ፣ በቲ ወይም በአር ያልቃል። ሲ፣ ኤስ እና ቲ ከኤች ጋር ይጣመራሉ። ኪው ካለ ዩ ይከተላል። ጫፉ ሲገኝ መሀሉ ይመጣል። ምንም ካልመጣ የተደጋገመ ፊደል ያለበትን ቃል አስቢ፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። አፍ መፍቻቸው እንግሊዝኛ የሆኑ ሰዎች ቃሉን በድምፅ ያስታውሳሉ። እኛ በአጻጻፍ ስለተማርነው የፊደል ጥምረት ላይ ደካማ አይደለንም ብላ ጨመረች። ይህን መልስ ለሚያውቁት ጀማሪ ሁሉ ላኩለት።

36ኛ እስከ 39ኛ፦ ምስጋና፣ ሁለት የሣጥን ምስል፣ እና በስልክ ኪቦርድ ላይ ፊደል መጻፍ ያስቸገረው ሰው ጥያቄ።

40ኛ፦ የ19ኛዋ ሰማያዊ ቀለም ልብ የነካው አንድ ፕሮግራመር መጣ። ገጹን በትርፍ ሰዓቱ ሊሠራው ዝግጁ ነው። የሚያስፈልገው ባለ4 ፊደል የስም ዝርዝር ነው፤ ንዑስ አንቀጽ የሌለበት፣ ያልረባ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው። ሻህ እንዳደረገችው የሚለቅም ሰው ይፈልጋል።

41ኛ፦ 21ኛው መላሽ እጁን አወጣ። ዝርዝሩን በሆሄ ከፋፍለን እንውሰደው ብሎ እሱ ከመ በቀር ከለ እስከ ረ ያለውን ያዘ። ጠያቂዋ በ ን ወሰደች። እኔ መ ን ወስጃለሁ፤ ከንዑስ አንቀጾቹ የማጽዳቱ ሥራ ብዙ ስለሆነ እዚያ ላይ ሁለት ሰው ቢጨመር ጥሩ ነው። ከቀ በኋላ ያሉት አብዛኞቹ ሆህያት እስካሁን ባለቤት የላቸውም።